ከወንፊት ላይ የተለቀመ ዓሣ

ከነዳጅ ወይም ከአቶም በሚገኝ ሙቀት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ያለ ብዙ ውሃ ሊሠራ አይችልም። በኢትዮጵያ የኃይል ማመንጫ ሲባል በመጀመሪያ ወደ ሐሳብ የሚመጣው እንደ ቆቃ ያለ ግድብ ነውና፣ ውሃ ማለት ከከፍታ ወርዶ ተርባይን የሚያዞር ጉልበት ነው። በእንፋሎት በሚሠራው ጣቢያ ግን የውሃው ተግባር ሌላ ነው። እንፋሎቱ ተርባይኑን አዙሮ ከወጣ በኋላ ኮንደንሰር በሚባለው ክፍል ቀዝቅዞ ወደ ውሃነት መመለስ ይኖርበታል፤ የሚያቀዘቅዘውም በብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ የሚያልፈው የወንዝ ወይም የባሕር ውሃ ነው። በአቶም ጣቢያ ከተገኘው ሙቀት ከግማሽ የሚበልጠው በዚህ መንገድ ለማንም ሳይጠቅም ከውሃው ጋር ይፈስሳል። የውሃው ብዛት ለማመን ያስቸግራል። በኒው ዮርክ ግዛት በሐድሰን ወንዝ ዳር የተሠራው የኢንዲያን ፖይንት ጣቢያ ሁለቱ ታላላቅ ማመንጫዎቹ በሙሉ ኃይል በሚሠሩበት ዘመን በቀን ወደ 9 ቢሊዮን ሊትር ውሃ ይስብ ነበር።

ይህን ያህል ውሃ የሚስብ ፓምፕ ውሃ ብቻ አይስብም። ቅጠሉን፣ ጉቶውን፣ የባሕር ሣሩን፣ ዓሣውንም አብሮ ይጎትታል። ስለዚህ መሐንዲሶች በመሳቢያው አፍ ላይ በመጀመሪያ የብረት ፍርግርግ፣ ከዚያም ቀዳዳው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ወንፊት ያቆማሉ። ወንፊቱ እንደ ሰንሰለት እየዞረ ከውሃው ወጥቶ በኃይለኛ የውሃ ርጭት ይታጠባል፤ የተጠራቀመውም ሁሉ በቦይ ወርዶ በቅርጫት ውስጥ ይከማቻል። ይህ ወንፊት በተፈለሰፈ ጊዜ ኮንደንሰሩን ከዓሣው ለመጠበቅ እንጂ ዓሣውን ከኮንደንሰሩ ለማዳን ታስቦ አልነበረም። በቅርጫቱ ውስጥ የተገኘው ዓሣ በጣቢያው ሠራተኛ ዓይን ከቅጠሉ የማይለይ ቆሻሻ ነበር፤ ቆሻሻን ደግሞ የሚጠርገው እንጂ የሚቆጥረው የለም።

ወደ መሳቢያው የቀረበ ፍጡር ሁለት ዓይነት ዕጣ ይገጥመዋል። በወንፊቱ ቀዳዳ ለማለፍ የማይችለው ትልቁ ዓሣ በውሃው ግፊት በወንፊቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ዕንቁላሉና ገና ከዕንቁላል የወጣው እጭ ግን በቀዳዳው ሾልኮ ፓምፑንና የጋለውን ቱቦ አልፎ ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አይደለም። የመጀመሪያው በዓይን ይታያል፣ ይሸታል፣ ይመዘናል። ሁለተኛው በማጉያ መነጽር ካልተፈለገ አይታይም። በሚቀጥሉት ዐሥርት ዓመታት የተነሣው ክርክር ሁሉ ከዚህ ልዩነት ጋር የተያያዘ ነው።

የኢንዲያን ፖይንት የመጀመሪያው ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1962 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብዙም ሳይቆይ በመሳቢያው ፊት በነበረው የመርከብ ማቆሚያ ሥር ዓሣ እየተከማቸ ይሞት ጀመር። ጣቢያው የኮንሶሊዴትድ ኤዲሰን ኩባንያ ንብረት ሲሆን፣ የሞተው ዓሣ በመኪና እየተጫነ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይወሰድ ነበር። ጉዳዩን ለሕዝብ ያወጣው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ወይም የባዮሎጂ ሊቅ አልነበረም። ስፖርትስ ኢለስትሬትድ በሚባለው የስፖርት መጽሔት የሚጽፍ፣ ዓሣ ማጥመድ የሚወድ ሮበርት ቦይል የተባለ ጋዜጠኛ በሚያዝያ 1965 ባወጣው ጽሑፍ ስለ ሞቱት ዓሦችና ስለ ፎቶግራፎቻቸው ተረከ። በሚቀጥለው ወር የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት በነገሩ ላይ ምስክር ሰሙ። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው፣ ፎቶግራፍ ክምርን ያሳያል እንጂ ቁጥርን አያሳይም። በዚያን ጊዜ ስንት ዓሣ እንደ ሞተ በትክክል ለመናገር የሚችል አልነበረም፤ ቆጠራው በሥርዓት ይካሄድ አልነበረምና።

በዚሁ ዘመን ይኸው ኩባንያ ከኢንዲያን ፖይንት በስተሰሜን ስቶርም ኪንግ በተባለው ተራራ ላይ ሌላ ታላቅ ሥራ አቅዶ ነበር። በ1962 የተገለጸው ይህ ዕቅድ ኤሌክትሪክ በሚተርፍበት ሌሊት የወንዙን ውሃ ወደ ተራራው ራስ ስቦ ማጠራቀም፣ ፍላጎት በሚበዛበት ቀን ደግሞ ለቆ 2,000 ሜጋዋት ያህል ማመንጨት ነበር። የአካባቢው ሰዎች በመጀመሪያ የተቃወሙት ስለ ተራራው ውበት ነው። ዓሣው ወደ ክርክሩ የገባው ኋላ ሲሆን፣ ያስገባውም አንድ የተረሳ ጥናት ነው። ራትጄንና ሚለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1957 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ስትራይፕድ ባስ የተባለው በጎኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ያሉት ታላቅ ዓሣ በሐድሰን ወንዝ ውስጥ በብዛት ዕንቁላሉን የሚጥለው ፓምፑ ሊተከል በታሰበበት በዚያው ክፍል መሆኑን አሳይተው ነበር። በታኅሣሥ 1965 በኒው ዮርክ የተቀመጠው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የፌዴራል ኃይል ኮሚሽን የሰጠውን ፈቃድ ሰረዘ፤ ኮሚሽኑም የዓሣውን ጉዳይ በሙሉ ሳይመረምር እንዳይወስን አዘዘ። ይህ ፍርድ በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ታሪክ ውስጥ እንደ በር ከፋች ይቆጠራል። ለባዮሎጂ ሊቃውንት ደግሞ ሌላ ትርጉም ነበረው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዓሣ ቆጠራ የፍርድ ቤት ማስረጃ ሆነ።

ማስረጃ ግን እንደ አቆጣጠሩ ነው። ከፍርዱ በኋላ በኩባንያው ገንዘብና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተቆጣጣሪነት ለጥቂት ዓመታት በተካሄደ ጥናት፣ በስቶርም ኪንግ ፓምፖች የሚጠፋው ዕንቁላልና እጭ ከጠቅላላው ጥቂት በመቶ ብቻ እንደሚሆን ተገመተ። ኮሚሽኑም በ1970 ፈቃዱን ዳግመኛ ሰጠ። ግምቱ የተመሠረተበት ቀመር ግን ወንዙን ከላይ ወደ ታች ብቻ እንደሚፈስስ ቦይ የቆጠረ ነበር። ሐድሰን እንዲህ ያለ ወንዝ አይደለም። የአትላንቲክ ውቅያኖስ ሙላትና ጉድለት ከኒው ዮርክ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 240 ኪሎ ሜትር ያህል እስከ ትሮይ ከተማ ስለሚደርስ፣ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ታች ይሄዳል። የጥንት ነዋሪዎቹም ስሙን ያወጡለት በሁለት አቅጣጫ የሚፈስስ ወንዝ ብለው እንደ ነበር ይነገራል። ስለዚህ አንድ እጭ በፓምፑ አፍ ፊት የሚያልፈው አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ ነው፤ ዛሬ ቢያመልጥ ነገ ይመለሳል። ይህ ስሕተት በተጋለጠ ጊዜ በ1974 ፍርድ ቤቱ የዓሣው ጉዳይ እንደገና እንዲከፈት አዘዘ። ያ ሁሉ ናሙና የተሰበሰበለት ጥናት የወደቀው ማንኛውም የወንዙ ጀልባ ቀዛፊ የሚያውቀው ነገር ስለ ተዘነጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ መካከል ሕጉም ተለወጠ። በ1972 የወጣው የአሜሪካ የንጹሕ ውሃ ሕግ በአንቀጽ 316 (ለ)፣ የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያዎች የሚተከሉበት ቦታ፣ አሠራራቸውና መጠናቸው በአካባቢው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ በጊዜው ከሚገኘው ቴክኖሎጂ ሁሉ የተሻለውን እንዲከተል ደነገገ። አንቀጹ አጭር ነው፤ የሚያስከትለው ወጪ ግን አጭር አልነበረም። የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት በ1975 በሐድሰን ዳር ለነበሩት ለኢንዲያን ፖይንት፣ ለቦውላይን ፖይንትና ለሮዝተን ጣቢያዎች የማቀዝቀዣ ማማ እንዲሠሩ ሲያዝ፣ ኩባንያዎቹ ትእዛዙን በመቃወም ክርክር አነሡ። ማማ ከተሠራ ውሃው እየተመላለሰ ስለሚቀዘቅዝ ከወንዝ የሚሳበው በጣም ይቀንሳል፤ ዋጋው ግን እጅግ ከፍተኛ ነው።

በዚህ ክርክር ዘመን የተደረገው ቆጠራ በዓይነቱም በብዛቱም እስከዚያ ድረስ አቻ አልነበረውም። ከ1974 ጀምሮ ጀልባዎች በየዓመቱ ወንዙን ከኒው ዮርክ ከተማ እስከ አልባኒ አካባቢ እየተመላለሱ ዕንቁላልና እጭ በረቂቅ መረብ ይቀዱ፣ በዳርቻውም ጫጩቶችን በመረብ ይጎትቱ ነበር። በወንፊቶቹም ላይ የሚገኘው ዓሣ በዓይነት እየተለየ ይቆጠርና ይመዘን ጀመር። ቆጣሪዎቹ ብዙም ሳይቆዩ የቅርጫቱ ቁጥር እንዳለ የማይታመን መሆኑን ተረዱ። ከወንፊቱ ላይ ወድቆ ወደ ውሃ የሚመለስ አለ፤ ወንፊቱ ከመታጠቡ በፊት የሚበሰብስ፣ በሌላ እንስሳ የሚበላም አለ። ይህን ለማረም ቀላል ዘዴ ተገኘ፤ ቀለም የተነከረ የሞተ ዓሣ ተቆጥሮ በወንፊቱ ፊት ይለቀቅና ስንቱ በቅርጫቱ ውስጥ እንደ ተገኘ ይታያል። ከተለቀቀው ግማሹ ብቻ ከተመለሰ በየቀኑ የሚቆጠረውም ዓሣ የእውነተኛው ግማሽ ብቻ ነው ማለት ነው። ዘዴው ከዳኞች ፊት ብዙ ግርማ አይኖረው ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ ሙግት ውስጥ ከቀረቡት ረጃጅም ቀመሮች ይልቅ ለሙያው የበለጠ ትምህርት ያለው ይመስላል።

ቀመሮቹ የደከሙበት ዋና ጥያቄ ማካካስ የሚባለው ነው። አንዲት የስትራይፕድ ባስ እናት በመቶ ሺህ፣ አንዳንዴም በሚሊዮን የሚቆጠር ዕንቁላል ትጥላለች፤ ከዚያ ሁሉ ለአካለ መጠን የሚደርሰው ከቁጥር የማይገባ ነው። ኩባንያዎቹ የቀጠሯቸው ሊቃውንት፣ ፓምፑ የሚያጠፋው እጭ ያለዚያም በረኀብና በአዳኝ የሚያልቅ ስለሆነ፣ የተረፉት ምግብና ሥፍራ ሲሰፋላቸው ጉድለቱን ይሞላሉ አሉ። የመንግሥት ወገን ሊቃውንት፣ ከነእነርሱም ጋር የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች፣ ይህ ሊሆን ቢችልም ምን ያህል እንደሚካካስ ከተሰበሰበው ቁጥር ለማወቅ አይቻልም ሲሉ መለሱ። ከ1977 ጀምሮ ምስክርነት ሲደመጥ፣ ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ላይ ሲደረደር ቆየ። በመጨረሻም ለሁለቱም ወገን ግልጽ እየሆነ የመጣው ነገር፣ የዚያን ያህል ዓመት መረጃ የዓሣውን የሩቅ ጊዜ ዕጣ ለመተንበይ የማይበቃ መሆኑ ነው። የዓሣ ዝርያ ብዛት ከዓመት ወደ ዓመት በራሱ እጅግ ይለዋወጣል፤ በዚያ መለዋወጥ ውስጥ የፓምፑን ድርሻ ነጥሎ ለማየት ብዙ ዐሥርት ዓመታት ያስፈልጋሉ። ከመንግሥት ወገን የነበሩ ሊቃውንት በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ በግልጽ ተናግረዋል። መመለስ የሚቻለው ጥያቄ ጠበብ ያለ ነበር፤ በዚህ ዓመት ከተፈለፈለው ውስጥ ፓምፑ የገደለው ምን ያህል እጅ ነው? ይህን ወንዙንና ወንፊቱን አብሮ የቆጠረ ሰው ሊገምተው ይችላል።

ስለዚህ ነገሩ በሽምግልና አለቀ። የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት የቀድሞ ኃላፊ የነበሩት ራስል ትሬይን አስታራቂ ሆነው ታኅሣሥ 19 ቀን 1980 ስምምነት ተፈረመ። ኮንሶሊዴትድ ኤዲሰን ስቶርም ኪንግን ተወ። ጣቢያዎቹ እጭ በሚበዛበት ወቅት በከፊል ሥራ እንዲያቆሙ፣ በዓመት 600,000 የስትራይፕድ ባስ ጫጩት እንዲራባ፣ ለወንዙ ክትትል በዓመት 2 ሚሊዮን ዶላር እንዲወጣ፣ ለነጻ ምርምርም 12 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብ ተወሰነ። የማማው ግዴታ ለ10 ዓመት ታለፈ። ሁሉም ወገን አንድ ነገር ጥሎ አንድ ነገር ያነሣበት ውል ነው። ሳይንሱ አልፈረደም፤ ነገር ግን ቁጥሩ ባይኖር ኖሮ ለሽምግልናም የሚቀመጥ ወገን እንዳልነበረ እሙን ነው።

ከስምምነቱ በኋላ በሐድሰን የስትራይፕድ ባስ ቁጥር ጨመረ። ይህን የፓምፖቹ በየወቅቱ መቆም ያመጣው ነው ለማለት ግን አይቻልም። በ1976 የኒው ዮርክ ግዛት ፒሲቢ በተባለው መርዛማ ኬሚካል ምክንያት በወንዙ ላይ አብዛኛውን ለገበያ የሚሆን ዓሣ ማስገር አግዶ ነበር፤ በ1980ዎቹም በባሕሩ ዳርቻ ላይ ጥብቅ የማስገር ገደብ ተጥሏል። አንዱ እጅ የሰጠውን ከሌላው እጅ ለመለየት ያስቸገረበት ሌላ ምሳሌ ነው።

በወንፊቱ በራሱ ላይ ግን እውነተኛ መሻሻል ታየ። በቨርጂኒያ ግዛት በጄምስ ወንዝ ዳር ባለው በሰሪ ጣቢያ በ1970ዎቹ ሪስትሮፍ የተባለው መሐንዲስ በወንፊቱ ላይ ውሃ የሚይዝ ገንዳ መሰል ባልዲ ሠርቶ፣ ዓሣው በውሃ ውስጥ እንዳለ ወጥቶ በለስላሳ ርጭት ወደ ወንዙ እንዲመለስ አደረገ። በኢንዲያን ፖይንት ይህ ወንፊት ሲሞከር ኢያን ፍሌቸር የተባለ ተመራማሪ አንድ ጉድለት አገኘ፤ በባልዲው ውስጥ የሚፈጠረው አዙሪት የሚድነውን ዓሣ ራሱን እያላተመ ይጎዳው ነበር። የባልዲው ከንፈር ቅርጽ ተለውጦ አዙሪቱ ከተሰበረ በኋላ የሚተርፈው ዓሣ በዛ። ውጤቱም በ1990 ታተመ። ለእጩ ግን ይህ ሁሉ አልጠቀመውም፤ በወንፊቱ ቀዳዳ የሚያልፍ ነውና።

ሐድሰን ብዙ ገንዘብ፣ ብዙ ሊቃውንትና ብዙ ጠበቆች የተሳተፉበት ቆጠራ ነው። ስምምነቱ ሊፈረም ጥቂት ወራት ሲቀሩት ከአትላንቲክ ማዶ የተጀመረው ሌላ ቆጠራ ግን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ድኻ ነበር። ሐድሰን ያጣውን ነገር፣ ማለትም ረጅም ዕድሜን፣ ያገኘው ይኸኛው ሆነ።

በምዕራብ እንግሊዝ ብሪስቶል ቻነል በተባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር የሚገኘው ሂንክሊ ፖይንት ቢ የአቶም ጣቢያ በ1976 ሥራ ጀመረ። ሥፍራው የባሕር ሙላትና ጉድለት በዓለም ላይ እጅግ ከሚበረታባቸው ዳርቻዎች አንዱ ነው። በጥቅምትና በኅዳር 1980 ለ24 ሰዓት የቆየ ቆጠራ ተደርጎ፣ በቀን ብርሃን የሚወሰደው ናሙና የሙሉውን ቀን ሁኔታ እንደሚያሳይ ተረጋገጠ። ከጥር 1981 ጀምሮ ፒተር ሄንደርሰን የተባለው የባዮሎጂ ሊቅ በየወሩ አንድ ጊዜ ቆጠራ ያካሂድ ጀመር። አሠራሩ ከዓመት ዓመት አልተለወጠም። ሙላቱ እጅግ ከሚበረታበትና እጅግ ከሚደክምበት ቀን መካከል ያለው ቀን ይመረጣል፤ ባሕሩ ከሞላበት ሰዓት ጀምሮ ለ6 ሰዓት ያህል ከሁለት ወንፊቶች ላይ በየሰዓቱ የሚገኘው ሁሉ ይለቀማል፤ እያንዳንዱ ዓሣና እያንዳንዱ ሽሪምፕ በዓይነቱ ተለይቶ ይመዘገባል። የወንፊቱ ቀዳዳ 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሁለቱ ወንፊቶች የሚያልፈው ውሃም በሰከንድ 15 ሜትር ኩብ ያህል ነው።

የዚህ አሠራር ብልኀት በቀላልነቱ ላይ ነው። የዓሣ አስጋሪ ጀልባ መረቡ ይለወጣል፣ ሞተሩ ይጠነክራል፣ ካፒቴኑም ዓሣ ወዳለበት ይሄዳል፤ ስለዚህ የዛሬውን ምርት ከዛሬ 20 ዓመቱ ጋር ማነጻጸር ያስቸግራል። የጣቢያው ፓምፕ ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም፣ ኃይሉ አይለወጥም፣ ዓሣ አይመርጥም። ለባሕሩ ጉዳት የሆነው መሣሪያ ለቆጣሪው እጅግ ታማኝ መረብ ሆነለት።

ከዚህ መረብ የወጣው መረጃ ከመሳቢያው ጉዳይ አልፎ ሄደ። አን ማጉረንና ሄንደርሰን የ21 ዓመቱን መዝገብ ይዘው በ2003 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ በሥፍራው ዘወትር የሚኖሩትን ዓሦች አልፎ አልፎ ከሚመጡት እንግዶች ለይተው፣ የሁለቱ ወገኖች የብዛት ሥርጭት የተለያየ ሕግ የሚከተል መሆኑን አሳዩ። ይህን ልዩነት የአንድ ዓመት ወይም የሁለት ዓመት ቆጠራ ሊያሳየው አይችልም፤ እንግዳና ባለቤት የሚለዩት በቆይታ ነው። መዝገቡ ባሕሩ ሲሞቅ የዓሣው ማኅበር እንዴት እንደ ተለወጠ፣ ሶል የተባለው ጠፍጣፋ ዓሣም ከሙቀቱ ጋር እንዴት እንደ በዛ አሳይቷል።

እጅግ የሚያሳዝነው ግን የኢሉ ነው። እባብ የሚመስለው ይህ ዓሣ በአውሮፓ ወንዞች ያድግና ለመራባት ወደ ሩቁ የሳርጋሶ ባሕር ይሄዳል። በ2012 የታተመው የሂንክሊ ጥናት እንዳመለከተው፣ በዚያ ዳርቻ የኢል ብዛት በአማካይ በየዓመቱ 15 በመቶ እየቀነሰ መጥቶ፣ በ2009 በ1980 ከነበረው 1 በመቶ ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር። በየወሩ ለሚለቅመው ሰው ለውጡ የሚታይ አይደለም፤ የዚህ ወር ቅርጫት ከባለፈው ወር ቅርጫት ብዙም አይለይም። መዝገቡ ሲደመር ነው ጥፋቱ የታየው። ጥፋቱን ያመጣው የጣቢያው ፓምፕ ነው ማለት ግን አይደለም። ኢል በመላው አውሮፓ ቀንሷል፣ ምክንያቶቹም ብዙ ናቸው፤ ወንፊቱ መጥፋቱን መሰከረ እንጂ ገዳዩን አልጠቆመም።

በአሜሪካ የ1972 አንቀጽ ለነባር ጣቢያዎች የጸና ዝርዝር ደንብ ያገኘው ከብዙ የፍርድ ቤት ምልልስ በኋላ በ2014 ነው። የኢንዲያን ፖይንት የመጨረሻው ማመንጫ ሚያዝያ 30 ቀን 2021 ተዘጋ። በእንግሊዝ ደግሞ ክርክሩ ወደ አዲሱ ወደ ሂንክሊ ፖይንት ሲ ተሸጋገረ። ይህ ጣቢያ ውሃውን የሚስበው ከዳርቻው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሲሆን፣ በ2013 በተሰጠው ፈቃድ በመሳቢያው አፍ ላይ ዓሣን በድምፅ የሚያባርር መሣሪያ እንዲተከል ታዝዞ ነበር። ባለቤቱ ኩባንያ መሣሪያውን በዚያ ኃይለኛ ባሕር ውስጥ መትከልና መጠገን ለጠላቂዎች አደገኛ ነው ብሎ ግዴታው እንዲነሣለት ጠየቀ። በ2021 በተደረገው ይፋ ምርመራ ሁለቱም ወገኖች ስንት ዓሣ እንደሚሞት ሲከራከሩ፣ ለስሌታቸው መነሻ ካደረጉት አንዱ ከቢ ጣቢያ ወንፊቶች ላይ የተለቀመው ዓሣ ነበር፤ ጥያቄው በዳርቻው የተቆጠረው ቁጥር እስከ ጥልቁ ባሕር ድረስ ምን ያህል ያስኬዳል የሚል ነበር። ሚኒስትሩ የኩባንያውን ይግባኝ በመስከረም 2022 ውድቅ አደረጉ። ሂንክሊ ፖይንት ቢ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ያቆመው ከዚያ አንድ ወር አስቀድሞ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2022 ነበር።